ዳር የሌለው ፎቶ

ሰሞኑን ልብስ ላጥብ ከምኖርበት ሕንጻ ምድር ቤት ወርጄ፣ አንድ ሰው ማድረቂያው ውስጥ በደንብ ያልደረቀ የሱፍ ብርድ ልብስ ጥሎ ሄዶ አገኘሁ። ክዳኑን ስከፍተው የበግ ሽታ ወጣ፤ የበግ፣ የዝናብና የዝገት። ልብሴን እንደታቀፍኩ ቆሜ ቀረሁ። የአጎቴ የሰይድ መኪና የኋላ ወንበር ሽታ ነው። አጎቴ ከኮምቦልቻ ያመጣው ባና ነበረው፤ ካሜራውን የሚጠቀልለው በእሱ ነው። በዚያ ዓመት ቅጠሉ መርገፍ ከጀመረበት እስከ መጀመሪያው በረዶ ድረስ ባናው ደርቆ አያውቅም።

የዚያን ጊዜ ዘጠኝ ዓመቴ ነው። እናቴና እኔ ሚኒያፖሊስ አጠገብ ሪችፊልድ ውስጥ ሁለተኛ ፎቅ ላይ፣ የእናቴ ታላቅ ወንድም ሰይድና ሚስቱ እትዬ ዘሀራ ደግሞ ከእኛ ሥር እንኖራለን። እናቴ ዉድበሪ ካለ አንድ የአረጋውያን መጦሪያ ትሠራለች። ቅዳሜና እሁድ ሺፍቷ ስለሚረዝም የምውለው እነሱ ጋ ነው፤ ሌሊት ከገባች አዳሬም እዚያው። እትዬ ዘሀራ በአማርኛ ትጠይቀኛለች፤ እኔ በእንግሊዝኛ እመልሳለሁ። "ምን አለች?" ብላ ወደ አጎቴ ትዞራለች፤ እሱም የመሰለውን ይተረጉማል። ሰልችቶኛል ስል "ራበኝ ትላለች" ይላትና ሳህን ሙሉ ምግብ ይቀርብልኛል።

አጎቴ አገር ቤት ፎቶ ቤት ነበረው። ሰማያዊ መጋረጃ፣ አንድ በርጩማ፣ በክር የተንጠለጠለ ማበጠሪያ። እዚህ ከመጣ ወዲህ ከሰኞ እስከ ዓርብ መጋዘን ውስጥ ካርቶን ይጭናል፤ ቅዳሜና እሁድ የሐበሻ ሠርግ ያነሳል። ከሚኒያፖሊስ እስከ ሴንት ፖል "አገጭ ቀና፣ ትከሻ ዘና" ያላላት ሙሽራ ብዙ አልነበረችም። እንዲህ ሲል ሙሽራዋ ብቻ ሳትሆን አዳራሹ ሁሉ አገጩን ያቀናል።

በዚያ ዓመት ግን ሠርግ ማንሳት ተወ። የነፋስ ማስጠንቀቂያ በተነገረ ቁጥር ካሜራውን በባናው ጠቅልሎ፣ እኔን ከኋላ ጭኖ፣ ከሁለት ሰዓት በላይ ወደ ሰሜን ድራይቭ ያደርጋል። የሚሄደው ዱሉዝ ነው፤ ሱፒሪየር ሐይቅ ዳር፣ ማዕበል ሊያነሳ።

ልጃቸው ኑሩ አብሯቸው አልመጣም ነበር። የቪዛው ጉዳይ ዓመታት ወስዶ ሲያልቅ እሱ ከወላጅ ጋር ለመግባት ከሚፈቀደው ዕድሜ አልፎ ተገኘ፤ ኮምቦልቻ አክስቱ ቤት ቀረ። መጠበቁ ሲያንገሸግሸው በጅቡቲ በኩል ባሕር ተሻግሮ፣ በየመን አድርጎ ሳውዲ ሊገባ ተነሳ። እኔ ይህን በቅጡ አላውቅም። የማውቀው እትዬ ዘሀራ በስልክ ለሰው ሁሉ የምትለውን ነው። "ኑሩ በባሕር ወጥቷል። ዱዓ አድርጉለት።"

መጀመሪያ የሄድን ቀን ከኮረብታው ቁልቁል ስንወርድ ውሃው ድንገት ታየ። ማዶ የለውም።

"ኦሽን ነው?" አልኩት።

"ሐይቅ ነው ይላሉ" አለ። "ሐይቅስ የኛው ነው፣ ደሴ አጠገብ ያለው፤ ጠዋት ፊትሽን የምታይበት። ይሄ ባሕር ነው።"

አጎቴ ባሕር ነው ካለ ባሕር ነው። ኑሩ ደግሞ በባሕር ወጥቷል። ሁለቱን ደመርኩና ነገሩ ገባኝ፤ አጎቴ እዚህ ድረስ የሚመጣው ልጁን ሊቀበል ነው። ኤርፖርት ሰው ለመቀበል ስንሄድ መስታወቱ ላይ ተለጥፈን እንደምንጠብቀው ማለት ነው። ካሜራው ዓይኑ የማይደርስበትን ያይለታል። ለምን በነፋስ ቀን ብቻ እንደሚሄድም መልስ ነበረኝ፤ ነፋስ ጀልባ ይገፋል።

እዚያ ሌሎች ፎቶ አንሺዎችም ይመጣሉ። ከፍ ያለ ቦታ ላይ ቆመው፣ ረጃጅም ሌንሳቸውን ወደ መብራት ቤቱ አዙረው፣ ማዕበሉ ሲመታውና ነጭ ሆኖ ሲያለብሰው ይጠብቃሉ። ሲሳካላቸው እርስ በርስ ጀርባ ይመታታሉ። አጎቴ እነሱን አልፎ ወደ ታች፣ ወደ ጥቁሩ አለት ይወርዳል። ካሜራውን በፌስታል አልብሶ በሆዱ ይተኛል፤ ሌንሱን ከውሃው እኩል ያደርጋል። ማዕበሉ ሲመጣ ከላዩ እንደ ቤት ጣሪያ ከፍ ይላል፤ ከዚያ ይሰበራል። ፊቱን በእጅጌው ጠርጎ እንደገና ይተኛል። አንድ ነጭ ሽማግሌ ከላይ ሆነው "ቆንጆው በዚህ በኩል ነው፣ እዚያ ትሞታለህ" ብለው ጮኹበት። "ታንክ ዩ" አላቸው። አልተነሳም።

መኪና ውስጥ ሂተሩን አብርቶ ያነሳውን ያያል። አብዛኛውን እዚያው ያጠፋዋል።

"ይሄ ጥሩ ነበር" እለዋለሁ።

"ዳር ገብቶበታል።"

"ይሄኛውስ?"

"ሰማይ ገብቶበታል።"

"ሰማይ ቢገባ ምን ይሆናል?"

"እዚያ ውስጥ ያለ ሰው ዳር አያይም፣ ሰሚ። ውሃ ብቻ ነው የሚያየው።"

እዚያ ውስጥ ያለ ሰው ሲል ኑሩን ማለቱ እንደሆነ ገብቶኛል። የተረዳሁት ግን ገና ሩቅ ነው፣ ገና ዳር አላየም ብዬ ነው። ስለዚህ ሳያጠፋቸው በፊት ካሜራውን ተቀብዬ እያንዳንዱን ፎቶ እያሰፋሁ ጀልባ መፈለግ ጀመርኩ። ከጥግ እጀምራለሁ። ውሃው ሲሰፋ አረንጓዴም ቡናማም ይሆናል፤ አረፋው የተቀደደ ጥጥ ይመስላል። ከዚያ ሁሉ ውስጥ ሰው የያዘ ነገር አጣለሁ።

ቤት ስንመለስ የረጠበው ካሜራ የሩዝ ጆንያ ውስጥ ይቀበራል፤ ሩዝ ውሃ ይመጥጣል ብለው ነግረውታል። እትዬ ዘሀራ ለእራት ሩዝ ልትሰፍር እጇን ስታስገባ ካሜራውን ታገኘዋለች።

"ሰይድ፣ ይሄ እንግዳህ ዛሬም ከቀለቤ አልወጣም።"

"ይደር፤ ነገ ይወጣል።"

"ምን ታይቶህ ነው ግን ውሃ ለውሃ የምትንከራተተው?"

"አየር ልቀይር ብዬ ነው።"

እሁድ ከሰዓት ሁለት ሰዎች ይመጣሉ። አንዱ አብዱ ነው፤ በቫን ሰው ወደ ኤርፖርት የሚያመላልስ፣ ሲስቅ ሁለት እጁን የሚያጨበጭብ። ሌላው ሀጂ እንድሪስ ነው፤ ሥጋ ቤት አለው፤ እዚህ ባለነው የወሎ ሰዎች መካከል በዕድሜ ትልቁ። አገር ቤት ሰው የሞተበት ካለ ወሬው መጀመሪያ የሚደርሰው ለሀጂ ነው። መርዶ በስልክ አይነገርም፤ ለብቻውም ላለ ሰው አይነገርም። ሀጂ ወሬውን በልቡ ይዞ ያድርና በማግስቱ ከሱብሂ ሶላት በኋላ፣ ሰው ወደ ሥራ ሳይወጣ፣ አንድ ሁለት ሰው አስከትሎ በር ያንኳኳል። እናቴ "ሀጂን በማለዳ በሬ ላይ ከማይ ፖሊስ ባይ ይሻለኛል" ትል ነበር።

"ሙሽራ ጠፋ እንዴ ሰይድ?" ይላል አብዱ። "ያቺ የብሩክሊን ፓርኳ ልጅ በአንተ ምክንያት ሠርጓን በስልክ አስነሳች አሉ።"

"ይበልጥ አምሮባት ይሆናል።"

"አንተማ ውሃ እየዳርክ ነው። ሚዜ ካስፈለገህ እኔ አለሁ።"

ሀጂ አይስቅም። አጎቴን ያየዋል። "ከስተሃል" ይለዋል። "ይሄ ነገር ለብቻህ የሚደረግ አይደለም። አንድ ቀን እኛም እንሄዳለን።"

ጀልባውን ያገኘሁት ከዚያ ወዲህ በነበረው ጉዞ ነው። አጎቴ አለቱ ላይ ነበር፤ እኔ መኪና ውስጥ፣ ለመጠባበቂያ በሚይዘው ሁለተኛ ካሜራ ያነሳቸውንና ገና ያላጠፋቸውን ፎቶዎች እያየሁ። በአንዱ ፎቶ ላይኛው ጥግ፣ በሁለት ማዕበል መካከል፣ ጥቁር ነጥብ አለች። አሰፋኋት። ጫፏ ሹል ነው። ካሜራውን ደረቴ ላይ ይዤ፣ ጃኬቴን ሳልዘጋ፣ በድንጋዮቹ ላይ እየተንሸራተትኩ ወረድኩ።

"አጎቴ፣ አገኘሁት!"

ተነሳ። ካሜራውን ተቀብሎ መስታወቱን በአውራ ጣቱ ጠረገና ነጥቧን አሰፋ፤ ደግሞ አሰፋ፤ ሹሉ ጠፍቶ አራት መዓዘን ቁርጥራጭ ብቻ እስኪሆን ድረስ።

"ዳክዬ ናት" አለ። ቆይቶ ደግሞ "ምን ነበር የምትፈልጊው?"

"ኑሩን።"

በእርጥቡ ድንጋይ ላይ ቁጭ አለ። ከመጣን ጀምሮ ፊቱን ወደ እኔ ሙሉ በሙሉ ያዞረው ያን ጊዜ ነው።

"ኑሩ በዚህ አይመጣም፣ ሰሚ። ይሄ ሌላ ውሃ ነው። የእነሱ ጀልባ ተገልብጣለች። አብሮት የነበረ ልጅ ደወለልኝ።"

"ሞተ?"

"ሲወድቅ አይቶታል። ሲሞት አላየውም።"

ለእትዬ ዘሀራ እንዳልነገራት ነገረኝ። የመስጊዱን ሼህ ጠይቋቸዋል። ሬሳው በሌለበት የሚሰገድ የሩቅ ሟች ሶላት አለ ብለውታል፤ ግን መሞቱ ሲረጋገጥ ነው፤ በሕይወት ባለ ሰው ላይ የሟች ሶላት አይሰገድም። ያለ እርግጥ ነገር ደግሞ እናትን ለቅሶ አያስቀምጧትም።

"እኔ ያላየሁትን ነገር አላውቅም" አለ። "ፎቶ አንሺ ነኝ። የደወለልኝ ልጅ ውሃው እንዲህ ነበር፣ እንዲያ ነበር አለኝ፤ እኔ ውሃ ሲቆጣ አይቼ አላውቅም። ስለዚህ እያየሁ ነው።" በአገጩ ወደ ማዕበሉ አሳየኝ። "አንቺ ብትሆኚ ከዚህ ትወጫለሽ?"

"ዋና እችላለሁ" አልኩት። ትምህርት ቤት ተምሬ ነበር፤ ሙቅ ገንዳ ውስጥ፣ ቢጫ ተንሳፋፊ ይዤ። "ኑሩስ ይችላል?"

"የኛ ወንዝ ቦርከና ክረምት ካልሆነ ከጉልበት አያልፍም። የት ይማራል?"

"ለእትዬ መቼ ነው የምትነግራት?"

"ሲረጋገጥ።"

"መቼ ነው የሚረጋገጠው?"

ፌስታሉን ካሜራው ላይ አስተካከለና ተመልሶ ተኛ።

ከዚያ በኋላ እትዬ ዘሀራ ቤት መቀመጥ አስቸጋሪ ሆነብኝ። ስልኳ በጠራ ቁጥር ተሽቀዳድማ ታነሳዋለች፤ የማታውቀው ቁጥር ከሆነ ከ"ሄሎ" በፊት "ኑሩ?" ትላለች። የመኪና ኢንሹራንስ ሊሸጥላት የደወለውን ሰው ሳይቀር ኑሩ ብላ ጠርታዋለች። ኔትወርክ የሌለበት አገር ነው ያለው ትለናለች፤ እያለች አጎቴን ታየዋለች፤ እሱም ራሱን በአዎንታ ይነቀንቃል።

አንድ ቀን ጸጉሬን እየሠራችኝ ጠየቀችኝ። "አንቺስ? እዚያ ውሃ ዳር ምን ታያላችሁ?"

እጇ ጸጉሬ ውስጥ ነው። በእንግሊዝኛ፣ በፍጥነት፣ የኑሩን ስም ሳልጠራ፣ አንዱን ቃል በሌላው ላይ እየጫንኩ፣ አጎቴ ኑሩ ከውሃው መውጣት ይችል እንደነበር ሊያይ እንደሚሄድ፣ እስካሁንም እንዳላወቀ ነገርኳት። እውነቱን ሁሉ ነገርኳት።

"ምን አለች?" አለችው።

አጎቴ በሩ ላይ ቆሞ ነበር። ሁሉንም ሰምቷል።

"ያምራል ትላለች" አላት።

"ደግ" አለችና ጉንጉኑን አጠበቀችው።

ከዚያ ቀጥሎ በነበረው ነፋስ የፈለገውን ፎቶ አገኘ። እኔም አየሁት። ከጥግ እስከ ጥግ ውሃ ነው። ዳር የለውም፣ ሰማይ የለውም፣ መብራት ቤቱ የለም። አንድ ግራጫ ግድግዳ ወደ እኔ ያዘነብላል፤ ከሥሩ ጉድጓድ አለ፤ እኔ ያለሁት ጉድጓዱ ውስጥ ነው። አጎቴ ሂተሩን ሳያበራ ብዙ ጊዜ አየው። "ከዚህማ…" ብሎ ጀመረና ተወው። ይህን አላጠፋውም። ለእትዬ ዘሀራ ይነግራታል ብዬ ቤት እስክንደርስ ጠበቅኩ። አልነገራትም። ካሜራውን ሩዙ ውስጥ ቀበረና ተኛ።

ትልቁ ነፋስ የመጣው በረዶው ሊገባ ሲል ነው። ሬዲዮው ማዕበሉ ጠዋት ላይ እንደሚበረታ ተናገረ። ሀጂና አብዱ እንሄዳለን እንዳሉት ለመሄድ ተነሱ፤ በአብዱ ቫን፣ ከሱብሂ ሶላት ቀጥታ። አጎቴ ፓርኪንጉ ውስጥ ጠብቁኝ፣ እኔ እወርዳለሁ ብሏቸዋል። እናቴ ሌሊት ሥራ ስለነበረች እኔ ያደርኩት እነ እትዬ ዘሀራ ሶፋ ላይ ነው።

አጎቴ ውዱእ ሊያደርግ መታጠቢያ ቤት ገብቶ ቆየ። አብዱ ኋላ እንደነገረኝ፣ የመኪናውን ጥሩምባ ሊነፋ ሲል ሀጂ ከለከለው፤ የተኛ ሰፈር መቀስቀስ ነውር ነው፣ ወጥተን እንጥራው አለ። የሁለቱም ነጭ ጀለቢያ ከወፍራም ጃኬት ሥር ይታያል።

በሩ ተንኳኳ። እትዬ ዘሀራ ከሶላት ምንጣፏ ተነሳች።

"ማነው?"

"እኛ ነን ዘሀራ፣ ቤተሰብ።"

"እነማን?"

"እንድሪስ ነኝ። አብዱም አለ።"

በሩን ከፈተችው። ከተኛሁበት ፊቷ አይታየኝም፤ ጀርባዋ ነው የሚታየኝ። የበሩን እጀታ እንደያዘች ነበር። ሀጂ ፊት፣ አብዱ ከኋላው፤ አብዱ ለመንገድ የገዛውን የዶናት ካርቶን በሁለት እጁ ይዟል።

"አሰላሙ ዓለይኩም" አለ ሀጂ።

አልመለሰችለትም። "ተናገሩ" አለች።

"ምኑን?"

"ይዛችሁ የመጣችሁትን።"

ሀጂ ያን ጊዜ ገባው። ሰዓቱን፣ ልብሱን፣ አብሮት ያለውን ሰው፣ የቆመበትን ደጃፍ አሰበ መሰለኝ። ወደ ኋላ አንድ እርምጃ አለ። "ኸረ ምንም የለም! ወላሂ ዘሀራ፣ ለጉዞ ነው የመጣነው። ከሰይድ ጋር ባሕሩን ልናይ…"

ባሕር የሚለውን ስትሰማ እጀታውን ለቀቀች። በሩን ተደግፋ ወለሉ ላይ ተቀመጠች። አብዱ ካርቶኑን የሚያስቀምጥበት አጥቶ "እትዬ፣ ዶናት ነው፣ ዶናት ነው የያዝኩት" ይላል።

አጎቴ ፊቱ ውሃ እየተንጠባጠበ ከመታጠቢያ ቤቱ ወጣ።

"ሰይድ፣ ና ንገራት እንጂ!" አለ ሀጂ። "ምንም እንደሌለ ንገራት!"

አጎቴ አልተናገረም። ሀጂ ጠበቀው። እኔም ጠበቅኩ። ከዚያ ለመሐላ የተነሳው የሀጂ እጅ ቀስ ብሎ ወደ ጎኑ ወረደ። ዕድሜውን በሙሉ መርዶ ሲያደርስ የኖረ ሰው፣ መርዶ ይዞ እንደመጣ ያወቀው በሩ ላይ ቆሞ ነው።

"ከመቼ ጀምሮ?" አለች እትዬ ዘሀራ ከወለሉ ላይ።

"ቅጠሉ ሳይረግፍ።"

"ካሜራውም ለዚሁ ነው?"

"እርግጠኛ አልነበርኩም ዘሀራ። ዛሬም ቢሆን…"

ተነሳች። ነጠላዋን ጣለችና ወፍራሙን ጃኬቷን ከመስቀያው አነሳች።

"አሳዩኝ" አለች።

"ዘሀራ፣ አብሽሪ" አለ ሀጂ። "ሰው ይሰበሰባል፤ ቤትሽ ቁጭ በይ።"

"እርግጠኛ አይደለሁም ሲል ሰምተኸዋል። ምን ብዬ ነው ቁጭ የምለው?"

አምስታችንም በቫኑ ሄድን። የመንገድ መሪው ድምፅ በእንግሊዝኛ ወደ ግራ ወደ ቀኝ ሲል አብዱ አጠፋው። ዱሉዝ እስክንደርስ ዶናቱን የነካ የለም። እኔ ርቦኝ ነበር፤ መራቤ አሳፈረኝ።

እንደዚያን ቀን ያለ ውሃ አላየሁም። ድምፁ ከመኪናው ሳንወርድ እግራችን ሥር ይሰማል። መብራት ቤቱ ይጠፋል፣ ይመለሳል። ካሜራውን ማንም አላወጣውም።

"የት ነው የምትተኛው?" አለችው።

አጎቴ አለቱን አሳያት። በረዥም ቀሚሷ ድንጋዩን እየቆነጠጠች ወረደች፤ እሱ ከኋላዋ። በሆዷ ተኛች። ልክ እሱ እንደሚያደርገው፣ ፊቷን ከውሃው እኩል አደረገች። አጎቴ ተንበርክኮ ሁለቱን ቁርጭምጭሚቶቿን ያዘ። ማዕበሉ መጣ፤ ከላይዋ ከፍ አለ፤ ተሰበረ። አልተነሳችም። ሌላው መጣ። ሀጂ ከአጠገቤ ሆኖ ዱዓ ያደርጋል፤ ነፋሱ ከአፉ ይነጥቀዋል። አብዱ ጃኬቴን ከኋላ ጨምድዶ ይዞኛል።

ከተነሳች በኋላ ከጸጉሯ ውሃ እየወረደ ወደ ሀጂ መጣች።

"ከዚህ ሰው አይወጣም" አለች። "ልጄም አልወጣም።"

"ትመሰክሪያለሽ?"

"እናቱ ነኝ። እመሰክራለሁ።"

አጎቴ ፊቱን በሁለት እጁ ሸፈነ። ለወራት የፈለገውን መልስ እሷ በአንድ ጠዋት ሰጠችው።

ሀጂ ቫኑ ነፋሱን እንዲከልልልን አድርጎ ቦታ መረጠ፤ አብዱ በስልኩ የቂብላውን አቅጣጫ ፈለገ። ለኑሩ እዚያው የሩቅ ሟች ሶላት ሊሰገድለት ነው። እትዬ ዘሀራ ውዱእ ላድርግ አለችና ውሃ ወደ ተጠራቀመበት የድንጋይ ጎድጓዳ ሄደች፤ እኔና አጎቴ ተከተልናት። እጅጌዋን ሰብስባ እጇን ከተተች፤ ወዲያው አወጣችው። ጣቶቿ ቀሉ። እያየቻቸው ቆየች።

"ያኛውም እንዲህ ይቀዘቅዛል?" አለችው።

"የቱ?"

"እሱ ያለበት።"

"አይ" አላት። "ያኛው ሙቅ ነው።"

"እርግጠኛ ነህ?"

"እርግጠኛ ነኝ። ሙቅ ባሕር ነው።"

"አልሐምዱሊላህ" አለች፤ እጇን መልሳ ከተተችና ፊቷን ታጠበች።